አሮጌ መኪናዎቻችንና ጠባቂዎቻቸው

(በእንጅባራ ከተማ በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዘንድሮው ስብሰባ በእንጅባራ እንዲሆን በተወሰነ ጊዜ፣ ስለ አሮጌ መኪናዎችና ስለሚንከባከቧቸው ሰዎች ጥቂት እንድናገር የዝግጅት ኮሚቴው አዘዘኝ። ርእሱና ቦታው አልገጥም ያላቸው አንድ ባልደረባ፣ «በፈረስ አገር ቆመህ ስለ መኪና ምን ልትል ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ግን ይህን ጉዳይ ለማንሣት ከእንጅባራ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ምክንያቱንም አስቀድሜ ላስረዳ።

የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዚህ አካባቢ የሚታየውን ትርኢት አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ፈረስ በዐድዋ ዘመቻ፣ በኋላም በፋሺስት ወረራ ዘመን ለአርበኞች የዋለው ውለታ እንዳይረሳ የተቋቋመ ማኅበር ነው። ዛሬ አባላቱ በብዙ ዐሥር ሺህዎች ይቈጠራሉ። እንግዳ ሰው ወደ ሜዳው መጥቶ ሲመለከት ዐይኑ የሚያርፈው በፈረሱ ላይ ነው። ባለሙያ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። ኮርቻ የሚሠራ፣ እርካብ የሚቀጠቅጥ፣ ልጓም የሚሰፋ፣ ፈረስ የሚገራ፣ የታመመውን የሚያክም ሰው ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ፈረሰኛ አንድ ዓመት እንኳ ሊሰለፍ ባልቻለ ነበር። በዓሉ ፈረሱን ብቻ ሳይሆን እነዚህን ሁሉ እጆች አቆይቷል።

የአዊ ገበሬ ዛሬም በፈረስ ይጭናል፣ ይጓዛል፣ ያርስበታልም። ስለዚህ ፈረሱ ሁለት ዓይነት ሕይወት አለው ማለት ይቻላል፤ አንደኛው የሥራ ሕይወት ነው፣ ሁለተኛው የክብር። እንግዲህ ጥያቄዬ ከዚህ ይነሣል። የሥራ ዘመናቸው በዐይናችን ፊት እያለቀ ያለው አሮጌ መኪናዎቻችን፣ ሁለተኛው ሕይወት ይኖራቸው ይሆን? ይኖራቸው ዘንድ የሚገባ ከሆነስ ኮርቻ ሠሪያቸው ማን ነው?

በሌላው ዓለም ለዚህ ጥያቄ መልስ ከተሰጠ ቈይቷል። የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። በፌዴሬሽኑ አባባል ታሪካዊ የሚባለው ተሽከርካሪ ቢያንስ 30 ዓመት የሞላው፣ ከጥንተ አሠራሩ ሳይርቅ የተጠበቀ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግልና የቴክኒክና የባህል ቅርስ አካል የሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የቱሪን ቻርተር ደግሞ እንዲህ ያለውን ተሽከርካሪ የሚያድስ ባለሙያ ምን መለወጥ፣ ምን መተው እንዳለበት ይመክራል። እንግሊዞች ከዚህም የጠበቀ ደንብ አላቸው። በየዓመቱ ከለንደን እስከ ብራይተን በሚደረገው ጉዞ የሚካፈለው ከ1905 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ መኪና ብቻ ነው። በዚህ ደንብ ከሄድን ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው አውቶሞቢል ራሱ ገና ለጋ ነህ ተብሎ መመለሱ ነው።

አሁን ከፌዴሬሽኑ ሁኔታዎች ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ፤ «ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማያገለግል» ይላል። በእኛ አገር ግን አሮጌ መኪና የኖረው የዕለት እንጀራ ስላበሰለ ነው። ባለቤቱ ቢወደውም ባይወደውም ማለዳ ተነሥቶ ካላስነሣው ቤቱ አያድርም። በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና የሚታዩት የአሜሪካ መኪናዎች ታሪክም ከእኛው ጋር ይቀራረባል። አዲስ መኪና ማስገባት ባልተቻለበት ዘመን ሕዝቡ ያለውን አኖረ፤ ውስጣቸው ሲከፈት ከሌላ መኪና የመጣ የናፍጣ ሞተር ይገኛል። የአውሮፓ ደንብ አስከባሪ ይህን ሲያይ ሊያዝን ይችላል። እኔ ግን አላዝንም። መኪናው ያለፈበት ችግር በገላው ላይ ተጽፎ ይታያልና፣ ያም ራሱ ታሪክ ነው እላለሁ።

ወደ አገራችን ታሪክ ልመለስና ረጅሙን ባጭሩ ላድርገው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ ባቡር፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለው፣ ከአውቶሞቢሉ ጥቂት ዓመታት ይቀድማል። አውቶሞቢል የመጣው ግን በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የተባለውን መኪና ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ መንገድ በሌለበት በረሃ እየገፋም እየነዳም አዲስ አበባ አደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱም እንደ ልማዳቸው አዲሱን ነገር በደስታ ተቀበሉት።

ጎጃምና አገው ምድር ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ጊዜ ያለ መኪና ነበሩ። የእንግሊዝ መንግሥት ቈንስል ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ ተቀምጠው የጣናን ዳርቻና የዓባይን ፈለግ በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ የተጓዙት በበቅሎ ነው። መንኰራኵር በዚህ ምድር በርከት ብሎ የታየው በወረራው ዘመን ነው። የጣሊያን ጦር መንገድ እየጠረገ ካሚዮኖቹን አስገባ፤ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በቡሬም ምሽግ ሠራ። በ1933 ዓ.ም. ጥር ወር ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ከሱዳን ጠረፍ ተነሥተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም ሲገቡ፣ ከእርሳቸው ጋር የነበረው ጦር ስንቁንና ጥይቱን በአብዛኛው የጫነው በግመል ነበር፤ በሺህ የሚቈጠሩት ግመሎች በመንገድ አለቁ። ያንን ቋጥኝና ቍጥቋጦ ለመኪና አመቺ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ዛሬም ቢሆን ሄዶ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገቡት ከጠላት በተማረከ፣ ጣሪያው በተከፈተ አልፋ ሮሜዎ ተቀምጠው ነው። ከ33 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት ደግሞ በቮልስዋገን ነበር። ሮልስ ሮይሶቹና መርሴዲሶቹ ከጋራዣቸው አልተንቀሳቀሱም። ስለ መኪና የሚጽፍ የታሪክ ሰው ቢኖረን ኖሮ፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ቀናት ብቻ ተነሥቶ አንድ መጽሐፍ ሊያወጣ ይችል ነበር። የቀሩት የቤተ መንግሥት መኪናዎች ታድሰው፣ ብሔራዊው ቤተ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲከፈት ለእይታ በቅተዋል። ሥራው የሚመሰገን ነው። እነርሱ ግን ቀድሞም ጠባቂ ነበራቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ጠባቂ የሌላቸው ናቸው።

ከእነዚህም መካከል በመጀመሪያ የማነሣው ያችኑ ቮልስዋገንን ነው። ሕዝቡ «ቮልስ» ይላታል፤ እኔም ከእንግዲህ እንዲሁ እላለሁ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የመምህሩ፣ የነርሷ፣ የቢሮ ሠራተኛው መኪና ነበረች። ከፋብሪካ የመጨረሻዋ ቮልስ የወጣችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 በሜክሲኮ ነው፤ እስከዚያች ቀን ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ወጣቶች ከአባቶቻቸው ወርሰው ወይም ከጎረቤት ግቢ ገዝተው፣ ቀለም ለውጠው፣ ወንበር አሰፍተው፣ በእረፍት ቀን ተሰባስበው በሰልፍ ሲነዷቸው ይታያል። ይህን ያየ ሰው ነገሩን የወጣትነት ጨዋታ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ለምን ቮልስ ብቻ ለዚህ ደረሰች ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ግን መልሱን ከኋላ መክደኛው ሥር ያገኘዋል።

ሞተሯ በአየር የሚቀዘቅዝ ነውና ራዲያተር የለውም፤ ውኃ በሌለበት በረሃ ውኃ አይጠይቅም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተኝተዋል። ጥቂት ብሎኖች የፈታ ሰው በአንድ ክሪክና በአንድ ረዳት ሞተሩን በአንድ ሰዓት ውስጥ መሬት ያወርደዋል። ዘይቷ 2.5 ሊትር ብቻ ነው። የወረቀት ማጣሪያ የላትም፤ ያላት ወንፊት ነው። ስለዚህ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቷን የማይለውጥ ሰው ቮልስ አለኝ ማለት አይገባውም። ቺንጋዋ በጠሰ ማለት ዲናሞውም ማራገቢያውም ቆመ ማለት ነው። ቀዩ መብራት እየበራ «እስከ ከተማ ልድረስ» ብሎ የነዳ ሰው ስንቱን ሞተር እንደ ቀበረ በመካከላችሁ ያላችሁ ሽማግሌዎች ትመሰክራላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ለወጣት ባልደረቦቼ ላክል። በአሮጌዎቹ ቮልሶች የ3ኛው ሲሊንደር ቫልቭ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚቃጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ከዚያ ሲሊንደር በላይ ስለ ቆመ የሚደርሰውን ንፋስ ይከልልበታል። ፋብሪካው ይህን ያስተካከለው ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ነው። እጃቸው የሰላ ሽማግሌዎች የ3ኛውን የቫልቭ ክፍተት ጥቂት ላላ ያደርጉ የነበረው ከልምድ እንጂ ከመጽሐፍ አልነበረም።

በዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። አየሩ ስለሚሳሳ፣ በካርቡራቶር የሚሠራ ሞተር ከጉልበቱ ከአራት እጅ አንድ እጅ ያህል ያጣል። 34 የፈረስ ጉልበት ያላት ቮልስ ከዚህ ስትደርስ 26 ያህል ይቀራታል። በፈረሰኞች ከተማ ስምንት ፈረስ መንገድ ላይ ጥሎ መግባት የሚያሳፍር ቢሆንም፣ ተፈጥሮ ያመጣው ስለሆነ ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው በቆላ የተስተካከለውን ዢግለር ሳይለውጡ ጥቍር ጢስ እያስተፉ መንዳት ነው። አነስተኛ ቀዳዳ ያለው ዢግለር ቢደረግላት ቤንዚንም ይቈጠባል፣ ካንዴላውም አይጠቍርም።

ስለ ካንዴላ ስናገር አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ብል ታገሡኝ። የእጅ ሥራችን ቋንቋ ከየት መጣ? ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ማርሚታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቶርኖ፣ ባትላሜራ፤ ይህ ሁሉ ከጣሊያንኛ መጥቶ በአማርኛ አፍ የታሸ ነው። ታርጋና ሊብሬም ከዚያው ናቸው። በየጋራዡ በልጅነታቸው መፍቻ ሲያቀብሉ ያደጉ ሰዎች ከአለቆቻቸው አፍ የሰሙትን ለልጆቻቸው አስተላለፉ። ዛሬ ኮምፒውተር ሰክቶ የብልሽት ቍጥር የሚያነብ ወጣት ተመርቆ ሲወጣ «ፑንቲና» ሲሉት ይደነግጣል። እውነቱን ነው፣ አላየውማ። ይሁንና ከቃሉ ጋር የሚጠፋው የቃሉ ሥራም ነው። ፑንቲናን በሲጋራ ወረቀት ውፍረት ለክቶ ሞተር የሚያስነሣ እጅ ሲያልፍ፣ ያ እጅ የሚያውቀው ሁሉ በየትኛውም ኮምፒውተር ውስጥ አልተመዘገበም።

የጣሊያንን ነገር ካነሣን ሴይቼንቶን ማለፍ አይቻልም። ፊያት 600 እ.ኤ.አ. በ1955 ሲወጣ ሞተሩ 633 ሲሲ ብቻ ነበር። ያችን ድንክ መኪና ታክሲ አድርጎ፣ አራትና አምስት ሰው አሳፍሮ፣ የአዲስ አበባን ዳገት የወጣው ሹፌር ጥበበኛ ነበር ማለት አለብን። ከእርሷ በኋላ የመጣችው ላዳ ብዙ ሰው እንደሚመስለው ከሴይቼንቶ የራቀች ባዳ አይደለችም። ሶቪየቶች በቶሊያቲ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የሠሯት ከፊያት 124 ተነሥተው ነው፤ ለመጥፎ መንገድ እንድትሆን ብረቷን አወፈሩ፣ የኋላ ፍሬኗንም ወደ ታምቡር ለወጡ። ስለዚህ የእኛ መካኒኮች ላዳን ሲከፍቱ የሩሲያን መኪና ሳይሆን የቀድሞ ወዳጃቸውን ልጅ ነበር ያገኙት። ሰማያዊ በነጭ የተቀባችው ላዳ ታክሲ ከመንገድ እየጠፋች ባለችበት በዚህ ጊዜ፣ አንዲቱን እንኳ በሚገባ አድሶ ለማስቀመጥ ያሰበ መሥሪያ ቤት ስለ መኖሩ አልሰማሁም።

የገጠሩን ሕዝብ ያገለገሉት ግን ሌሎች ናቸው፤ ላንድሮቨርና ኤንትሬ። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም ለሕዝብ ሲታይ ገላው ከአሉሚኒየም የተሠራው ከጦርነቱ በኋላ ብረት በእንግሊዝ አገር በመጥፋቱ ነበር። ያ እጦት ለእኛ በረከት ሆነን፤ ሻንሲው ሲዝግ ገላው ግን እንዳለ ይኖራል። ከአስፋልት ርቀው በሚገኙ ከተሞች መካከል ሰውና እህል ያመላለሰ፣ ሐኪምና መምህር ያደረሰ፣ የታመመውን ወደ ሆስፒታል ያወረደ እርሱ ነው። ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሣር ውጦት፣ ዶሮ እየፈለፈለችበት የሚታየውም እርሱው ነው። ክረምቱን በሙሉ ዝናብ ከሚወርድበት ከዚህ ካለንበት አገር የበለጠ ለሻንሲ ጠላት የሚሆን አየር ያለ አይመስለኝም።

ኤንትሬ የምንለው ፊያት 682 ኤን 3 ነው። ባለ 6 ሲሊንደር፣ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ የናፍጣ ሞተር የተሸከመ፣ መሪው በቀኝ በኩል የሆነ ከባድ የጭነት መኪና ነው። ጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» እስከ ማለት ደርሰዋል። መሪው በቀኝ መሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። አገራችን የትራፊኩን አቅጣጫ ከግራ ወደ ቀኝ የለወጠችው በ1956 ዓ.ም. ስለሆነ፣ መሪው በቀኝ የሆነ የቤት መኪና ሲገኝ ከዚያ በፊት የገባ ሳይሆን አይቀርም ብሎ መገመት ይቻላል። በከባድ የጣሊያን መኪና ላይ ግን ይህ ግምት አይሠራም። የጣሊያን ሠሪዎች ሹፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የገደሉን አፋፍ አጥርቶ እንዲያይ ሲሉ፣ ትራፊኩ በቀኝ ሆኖ ሳለ መሪውን በቀኝ ያደርጉ ነበርና። ዕድሜ ለመመርመር የተሰማራ ሰው ይህን ካላወቀ ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይስታል።

ያ የገደል አፋፍ ለእኛ የታወቀ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፣ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣውን የዓባይን በረሃ ሳያልፍ ወደዚህ የሚደርስ የሸዋ ጭነት የለም። ኤንትሬ ያንን በከባድ ማርሽ፣ ረዳቱ ታኮ ይዞ ከጎን እየሮጠ ሲያልፈው ያዩ ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማ ወጣት ፍቅር ቢይዘው አይፈረድበትም። እኔም ይዞኛል።

ነገር ግን፣ የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣ ፍቅራችን ዐይናችንን እንዳያስረን እፈራለሁ። ለዚህ ስብሰባ ከመጣሁባቸው ምክንያቶች ዋነኛውም ይህ ነው። የታምቡር ፍሬን በረጅም ቍልቍለት ላይ ሲግል ይያዝ የነበረው መያዝ ያቆማል። ሸራው አዲስ ቢሆንም፣ ታምቡሩ በቶርኖ ተደጋግሞ የተላጠ ከሆነ ሙቀቱን የሚሸከም ብረት አልቀረለትም። ይህን እያወቀ ቦሎ ለሚታደስበት ምርመራ የቀረበውን አሮጌ መኪና «ይህ እኮ ታሪክ ነው» ብሎ የሚያሳልፍ ባለሙያ ቢኖር፣ ታሪኩን የሚጽፈው በሰው ደም ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ መስመር ላይ ባለ አንድ ጋራዥ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ የባለቤቱንም የጋራዡንም ስም አልጠራም። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ፣ አሮጌ መኪናቸው የቤታቸው ምሰሶ የሆነ ሰው ናቸው። መካኒኩ ደግሞ በአባታቸው ዕድሜ ያሉትን ደንበኛ ማስቀየም ያልወደደ ወጣት ነው። «አባቴ፣ ይህ ታምቡር አያወርድዎትም» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ እኔ ሳልወርድ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አሉት። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ወጣቱ መኪናውን አልለቀቀም። ሽማግሌው በምሬት ወጥተው ሄዱ። እኔ ወጣቱን አመስግኛለሁ፤ ነገር ግን ለሽማግሌው ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ እንደ ተመለስኩ አልሸሽግም፤ ዛሬም በሙሉ የምመልሰው አይደለም።

ቢያንስ ይህን ያህል እላለሁ። በሥራ ላይ ያለ አሮጌ መኪና እንደ ማንኛውም መኪና ይመርመር፤ ስለ ዕድሜው ምሕረት አይደረግለት። ከሥራ ሲወጣ ግን እንደ ማንኛውም ቍርጥራጭ ብረት አይጣል። ዛሬ የምናደርገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሊያገለግል የማይችለውን በመንገድ ላይ እናቆየዋለን፤ ሊያስተምር የሚችለውን በኪሎ እየመዘንን በጨረታ እንሸጠዋለን።

ጊዜውም አይጠብቀንም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ ዐዋጅ ቍጥር 1186 ብዙ ዓመት ባገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከልክሏል። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ ለዓመታት ብረትና ማሽን ሲያመላልስ የኖረለት የሕዳሴ ግድብም ጳጕሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኤሌክትሪክ መኪና በዐባይ ኀይል እንዲሄድ መፈለጉን የሚቃወም ልብ የለኝም። የአገር ገንዘብ በነዳጅ ሲያልቅ መኖር አይቻልም፤ ያ የክልከላ ውሳኔ አሮጌውን መኪና ለጊዜው ማስወደዱም አይቀርም። ግን የተወደደ ነገር ሁሉ አይጠበቅም። መለዋወጫው ሲጠፋ ሦስቱ ተበትነው አንዱን ያስነሣሉ፤ በመጨረሻም አንዱ ብቻውን ይቀራል፣ እርሱንም የሚበትንለት ያጣል።

የነዳጁ ጠባይም ተለውጧል። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ከቀረ ወዲህ የአሮጌ ሞተሮች የቫልቭ መቀመጫ ቶሎ ይበላል። በአዲስ አበባ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ በተሸጠባቸው ዓመታት ደግሞ የአሮጌ መኪናዎች የነዳጅ ጎማና የካርቡራቶር ጓርኒሲዮን እየሟሟ ስንቱን አስቸግሯል። እነዚህ የሚታከሙ በሽታዎች ናቸው፤ መቀመጫው በጠንካራ ብረት ይለወጣል፣ ጎማውም ኤታኖል በማይበላው ይተካል። የሚያክመው ሰው ግን መኖር አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ቤተ መዘክር ይሠራ ብዬ በቀላሉ መናገር እችል ነበር። ይህን መሰል ሐሳብ በየስብሰባው ሲጨበጨብለትና ሲረሳ ስለ ኖረ አላቀርበውም። የፈረሰኞቹ ማኅበርም በግንብ አልጀመረም፤ ፈረስ ባላቸው ሰዎችና በአንድ ቀን ቀጠሮ ጀመረ። የማቀርበው ሐሳብ ለማኅበራችን ዐቅም የተመጠነ ነው።

በመጀመሪያ መዝገብ ይኑረን። ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ፣ ከቲሊሊ እስከ ቻግኒ፣ በየግቢው የቆሙትን 30 ዓመት ያለፋቸውን ተሽከርካሪዎች አባሎቻችን ይመዝግቡ፤ የሻንሲና የሞተር ቍጥር፣ ዓይነቱ፣ የተሠራበት ዘመን፣ በየትኛው መንገድ ምን ሲሠራ እንደ ኖረ፣ በላዩ ላይ ምን እንደ ተለወጠና ማን እንደ ለወጠው። ይህን የመጨረሻውን የአውሮፓ መዛግብት እምብዛም አይጠይቁም፤ እኛ ግን እንጠይቅ። ከግንድ የተጠረበ ታኮ፣ በከተማው ቀጥቃጭ የተሠራ ባሌስትራ፣ ከሌላ መኪና ተወስዶ የተገጠመ ካምቢዮ ሁሉ ይጻፍ። በጋሪ ላይ የገባ የመኪና አክስል ከተገኘም ይጻፍ፤ ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ የሚያስታውስ ሰው ከጋሪው ባለቤት ዘንድ አይጠፋም።

ሁለተኛው ሽማግሌዎቹን የሚመለከት ነው። በየጋራዡ ያሉ፣ ሥራ የተዉም ቢሆኑ፣ በዓመት ለጥቂት ቀናት በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተቀምጠው አንዱን አሮጌ ሞተር ከተማሪዎች ጋር ፈትተው ይግጠሙ። አበል ይከፈላቸው። «ልምዳቸውን ያካፍሉን» እየተባለ በነጻ የሚጠሩበት ልማድ ለሙያው ክብር አይመጥንም። ተማሪውም ከዚያ የሚያገኘው የናፍቆት ትምህርት አይደለም። ካርቡራቶርን የገባው ሰው አየርና ነዳጅ እንዴት እንደሚዋሐዱ ገብቶታል፤ ፑንቲናን ያስተካከለ ሰው የብልጭታን ጊዜ በእጁ ዳስሷል። ከዚያ በኋላ የሚገጥመው ኮምፒውተር የሚነግረውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ምስክርነት ይሰማዋል።

ሦስተኛውን በጥርጣሬ ነው የማቀርበው፤ ውይይት ይደረግበት። ባለቤቶቹ ከፈቀዱ፣ ፍሬናቸውና መሪያቸው አስቀድሞ በእኛው ባለሙያዎች የተመረመረ አሮጌ መኪናዎች በዓመት አንድ ቀን እንጅባራ ላይ ይሰብሰቡ። ጥር 23 እንዳይሆን ግን አደራ። ያ ቀን የፈረሱ ነው፤ የሞተር ድምፅ ፈረስ ያስበረግጋል፣ እንግዳም የባለቤቱን በዓል ሊሻማ አይገባውም። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ጥቅምት ላይ ቢሆን የሚመች ይመስለኛል። የጎጃምን መንገድ ሲመላለሱ የኖሩ ሹፌሮችና ረዳቶች በዚያ ቀን ቢጋበዙ፣ ከመኪናዎቹ ይልቅ የሚሰበሰበው ወሬ ይበልጣል።

የመዝገቡ ቅጽ ተዘጋጅቶ በማኅበሩ ጸሐፊ እጅ ይገኛል። እያንዳንዱ አባል እስከሚቀጥለው ስብሰባ አንድ መኪና ብቻ መዝግቦ ቢመጣ ይበቃል። የሻንሲ ቍጥሩ በቀለምና በጭቃ ተሸፍኖ ብታገኙት በሽቦ ብሩሽ አትፋቁት፤ ፊደሉ አብሮ ይሄዳል። በነጭ ጋዝ የረጠበ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ አኑሩበትና በእንጨት ቍራጭ ቀስ እያላችሁ ጥረጉት። ከዚያ ወረቀት ደርባችሁ በእርሳስ ጎን ብታሹት ቍጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል፤ ያንኑ ወረቀት ከቅጹ ጋር አያይዛችሁ አምጡልን።